ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ ተንሸራታች

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ብርዱ በገባ ቁጥር አንድ ፈተና አይቀርለትም፤ የመሥሪያ ቤት የስኪ ግብዣ። አንዱ ፈረንጅ ባልደረባ ቡና ማሽኑ አጠገብ ጠብቆ ይይዝሃል። "ቅዳሜ ዋይትቴይል እንሄዳለን፤ ለምን አብረኸን አትመጣም?" ይልሃል። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ አይተህ እምቢ ለማለት አንጀትህ አይጨክንም። "እስቲ ላስብበት" ትላለህ። ማሰብ እንደሆነ አያስከፍልም።

ስታስበው ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይትቴይል ያለው ፔንስልቬንያ ውስጥ ነው፤ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። የለም፣ እኔ ሜሪላንዴን አልለቅም ካልክ በግዛቲቱ ምዕራባዊ ጥግ ዊስፕ አለልህ፤ እሱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። ስትደርስ የመውጫ ትኬት ትገዛለህ። ቀጥሎ ጫማ ትከራያለህ፤ ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር እንዳለህ ያስረሳሃል። ከዚያ ስኪው፣ ከዚያ ዘንጉ፣ ከዚያ የራስ ቁሩ፣ ከዚያ መነጽሩ። ጀማሪ ስለሆንክ አስተማሪም ያስፈልግሃል። አስተማሪው ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ "እንዴት ይወደቃል" የሚል ነው። እኛ ስንወድቅ የኖርነው በነፃ ነው።

አገራችን ተራራ የሚወጣ ሰው ጉዳይ አለው። ወይ ደብር ሊሳለም ነው፣ ወይ ፍየል ጠፍቶበት ነው፣ ወይ ሸፍቷል። የሚወርደውም ጉዳዩ ሲያልቅ ነው። ለመውረድ ብሎ የሚወጣ፣ ወርዶ ደግሞ እንደገና ለመውረድ የሚሰለፍ ሰው ቢገኝ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል እንጂ ትኬት አይቆርጥለትም።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን በረዶው ነው። በዚህ አካባቢ ያሉ የስኪ ተራሮች ሰማዩን አምነው አይቀመጡም። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ውሃና የታመቀ አየር በትልልቅ መድፍ እየተኮሱ በረዶውን ራሳቸው ያመርቱታል። ከሰማይ የሚወርደው እውነተኛው በረዶ በገፍ የመጣ ዕለት ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ተራራው ሲጠግብ አንተ አትደርስበትም፤ አንተ ስትደርስ ተራራው የለበሰው የመድፍ በረዶ ነው። "ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ" የሚለው ተረት ለስኪ ተጫዋች የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

ስለዚህ እምነቴን ልናገር፦ ትልቅ በረዶ በጣለ ማግስት ከዓለም ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ከሠፈርህ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለው ዳገት ነው። ምስክሬ የ2008 ዓ.ም. ጥር ነው።

ዕለቱ ጥር 13፣ ዓርብ፣ ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት ነበር፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 22፣ 2016። ትንበያው ቀደም ብሎ ስለተነገረ ሱቁ ሁሉ ከረቡዕ ጀምሮ ተጨናንቋል። ፈረንጁ ወተት፣ ዳቦ፣ እንቁላልና የሽንት ቤት ወረቀት ጠራርጎ ወሰደ፤ በአራቱ ሊሠራ ያሰበውን ነገር እስካሁን የነገረኝ የለም። የኛ ሰው የዘመተው ወደ እንጀራው ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ሱቅ ስገባ አንዲት እናት የመጨረሻዎቹን እሽጎች ደረታቸው ላይ ከምረው አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ቤተሰብ በዝቷል እንዴ?" አልኳቸው።

"ሁለት ነን። እንግዳ ቢመጣስ?"

"በዚህ በረዶ ከየት ይመጣል?"

"እንግዳ መንገድ ተዘጋ ብሎ ያውቃል?" አሉኝ። አንዷንም እሽግ ሳይለቁልኝ ወጡ።

ልጆቹ በበኩላቸው ዝግጅታቸው የተለየ ነው። የአሜሪካ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት እንዲዘጋለት ሲፈልግ ፒጃማውን ገልብጦ ይለብሳል፣ ማንኪያ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል፣ ከፍሪጅ የበረዶ ኩብ አውጥቶ ሽንት ቤት ውስጥ ይለቃል። እኛ ቤት ተራ ማንኪያ አልበቃ ብሎ የወጥ ማማሰያ ትራስ ሥር ገባ። ባለቤቴ ሌሊት ዶሮ ወጧን ልታማስል ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ የለም። ጠንቋይ ቤት ስሄድ አልታየሁም ብላ የምትኮራ ሴት ልጆቿ በማማሰያ ሲያሟርቱ አገኘቻቸው። ቁም ነገሩ ግን ሟርቱ መያዙ ነው። በረዶው ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ቅዳሜን ሙሉ ሲወርድ ውሎ እስከ ማታ አላባራም። ምድር ባቡሩም አውቶቡሱም ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ ቆሙ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 29.3 ኢንች ተለካ፤ ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ሥር ያለው የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ግን 17.8 ብቻ አለ፤ ይህ ቁጥር ብዙ አከራከረ፤ ምክንያቱም በረዶው የሚለካበት ሰሌዳ ራሱ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ጠፍቶባቸው ነበር። ሚዛኑን የዋጠ እህል ማን ይሰፍረዋል?

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። መኪና የሚባል ነገር አይታይም፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩ ነጭ ጉብታዎች ብቻ። እያንዳንዱ ሰው አካፋውን ይዞ ከጉብታዎቹ የቱ የሱ እንደሆነ ይገምታል። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ አንዱን ጉብታ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆፍረው የሌላ ሰው መኪና አገኙ። "ሰይጣን!" አሉና የቆፈሩትን መልሰው ሊሸፍኑት ሲሉ ባለመኪናው ሳልቫዶራዊ ጎረቤታችን ከፎቅ አይቶ በሁለት እጁ አመሰገናቸው። ምን ይደረግ፣ ጨርሰው ቆፈሩለት።

በምንኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፍህ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታህ ነው። ስለዚህ የቀኑ የመጀመሪያው ስፖርት አካፋ ነው። አሥር ሳንቲም አዲስ በረዶ ቢቀልጥ በአማካይ የሚወጣው ውሃ አንድ ሳንቲም ያህል ነው፤ ዘጠኙ አየር ነው ይላሉ የሚያውቁ። አካፋው ላይ ሲሆን አየሩ የት እንደሚገባ እኔ እንጃ። ሐኪሞችም አካፋ ሲነሣ ልብ እንደሚደክም በየዓመቱ ያስጠነቅቃሉ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ቀስ እያለ፣ እያረፈ እንዲሠራ ይመክራሉ። ጋሼ ምክሩን በሙሉ ልብ ተቀብለው አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍት አሳለፉት። ያጸዱት የመኪና ማቆሚያ እንዳይወሰድባቸው ደግሞ መሐሉ ላይ በርጩማ አኖሩበት። የቡና በርጩማ፣ ከነቆዳው። ፈረንጆቹ እያለፉ ፎቶ አነሡት።

ያን ጊዜ ነው ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ዳገት ሲጮሁ የተሰማው።

ዳገቱ በደህናው ቀን ዳገት ይባላል ብሎ የሚገምት የለም። ሣር ነው፤ ውሻ የሚናፈስበት ነው። በረዶ ሲለብስ ግን ቁመቱ የጨመረ ይመስላል። እግራችን እንዳይርስ ካልሲያችን ላይ ፌስታል አጥልቀን፣ በፌስታሉ ላይ ጫማ አድርገን ደረስን። ይህን ጥበብ ያስተማረን የለም፤ ከየትም አገር የመጣ ስደተኛ የበረዶ ቡት ዋጋ ሲያይ በራሱ የሚደርስበት ግኝት ነው። ፈረንጆቹ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ገመድ ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ መንሸራተቻ ይዘዋል። ሱቅ ውስጥ ግን ከረቡዕ ጀምሮ አልቆ ነበር። ስለዚህ ያልመጣ ዕቃ የለም፦ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት፣ የሚነፋ ፍራሽ፣ የካፌ ትሪ። አንድ አባት የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ ይዞ መጥቶ ልጁን ሳይሆን ራሱን ከተተበት።

መጀመሪያ ላይ ማንም አልተንሸራተተም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጥልቅና ለስላሳ በረዶ ለሸርተቴ አይሆንም። ያ ዘጠኝ እጅ አየር ያልኩት እዚህ ላይ ጉዱ ይወጣል፤ ትቀመጥበታለህ፣ ትሰምጣለህ፣ አለቀ። በረዶው መረገጥ አለበት። ልጆቹ ይህን የሚያውቁት በደመ ነፍስ ነው መሰለኝ፣ እየወደቁ፣ እየተንከባለሉ፣ አንዱ የሌላውን ፈለግ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አንድ ቦይ አወጡለት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ የላይኛውን በረዶ አላላችው፤ ማታ ብርዱ ተመልሶ አጠጠረው። ሰኞ ጠዋት ቦዩ መስተዋት ሆኖ አደረ። እውነተኛው ፍጥነት የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የጎበዝ ሰልፍም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሕጉን ያወጡት እናቶች ናቸው፦ እግር ወደፊት እንጂ ራስ ወደፊት የለም፤ ዛፍ ባለበት በኩል የለም፤ ስትወጣ በዳር ዳሩ እንጂ በቦዩ መሐል የለም። ከየአገሩ የመጡ እናቶች በየቋንቋቸው ነው የሚጮሁት፤ ሁሉም ልጅ ግን ሁሉንም ይሰማል።

እኔ ተራዬን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ። የማታ ዜና ላይ አሜሪካ በበረዶ ተቀበረች ሲባል ሰምታለች።

"ልጄ፣ ደህና ናችሁ? የት ነህ?"

"ውጭ ነኝ እማዬ።"

"በዚህ ውርጭ ውጭ ምን ትሠራለህ?"

"እየተንሸራተትኩ።"

"እኔን! ወደቅህ?"

"አልወደቅሁም። ሆን ብዬ ነው።"

ረጅም ዝምታ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ "ለመሆኑ ሥራህ አለ?" አለችኝ።

እናቴን የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ጋሼ ነበሩ። የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ መኪናው በረዶ ሥር ካልተቀበረ በቀር ዕረፍት አያውቅም፤ ጋሼም ምንም ሳይሠሩ የዋሉበትን የመጨረሻ ሰኞ አያስታውሱም። ጋቢያቸውን በጃኬታቸው ላይ ደርበው ዳገቱ አናት ላይ ቆመው ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ ያጫውታሉ። ታክሲ ውስጥ ሲነገር የኖረ የከተማው ታሪክ በሙሉ እሳቸው ዘንድ አለ።

"አሁን እኮ ካፒቶል ሂልም ላይ ሕዝቡ እየተንሸራተተ ነው" አሉ። "ያውም በሕግ!" ነገሩ እውነት ነው። የምክር ቤቱ ግቢ ሣር ለከተማው ልጆች ጥሩ ቁልቁለት ነው፤ ነገር ግን ለጸጥታ ሲባል ሸርተቴ ለዓመታት ተከልክሎበት ቆየ። በማርች 2015 ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በተቃውሞ ተንሸራተቱ። የከተማይቱ ተወካይ ኤሊኖር ሆምስ ኖርተንም ክልከላው ይነሣ ብለው ተከራከሩ፤ እኚህ ሴት በምክር ቤቱ መናገር እንጂ በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ መስጠት የማይችሉ ተወካይ ናቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር ከሚበልጠው የበጀት ሕግ ጋር፣ ፖሊስ የሚንሸራተቱትን ሰዎች እንዲተዋቸው የሚል ቃል ታከለ። ከወር በኋላ ይኸው በረዶ መጣ። "መንግሥት" አሉ ጋሼ፣ "ራሱ ሲንሸራተት እንጂ ሕዝብ ሲንሸራተት ደስ አይለውም ነበር።"

ከዚያ በወሬያቸው ወደ ዩ ጎዳና ወሰዱን። በዲሴምበር 2009 በ14ኛውና በዩ ጎዳና መገናኛ ላይ፣ ከኛ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ፣ ብዙ ወጣት ተሰብስቦ በበረዶ ኳስ ሲወራወር መኪናው የተመታበት ሲቪል ለባሽ መርማሪ ፖሊስ ሽጉጥ መዞ ወጣ። ሕዝቡ ደግሞ፣ በበረዶ ውጊያ ላይ ሽጉጥ አይመጣም እያለ በአንድ ድምፅ ጮኸበት። ማንም አልተጎዳም። በፌብሩዋሪ 2010ም ደለስ ላይ 32.4 ኢንች በጣለው በረዶ ዱፖንት ሰርክል አደባባይ ላይ እጅግ ብዙ ሰው ወጥቶ ተፋልሞ፣ ተሳስቆ ገባ።

አንዱን ታሪክ ግን ሲያወሩ አይስቁም። የትምህርት ቤቱን ጠፍጣፋ ጣሪያ በአገጫቸው አመለከቱንና፣ "በፈረንጆቹ 1922 እንዲህ ያለ ጣሪያ ነው የከዳቸው" አሉ። በጃንዋሪ መጨረሻ 28 ኢንች በረዶ ጥሎ፣ 18ኛው ጎዳናና ኮሎምቢያ ሮድ በሚገናኙበት ቦታ የነበረው የኒከርቦከር ሲኒማ ቤት ጣሪያ ፊልም በሚያዩ ሰዎች ላይ ተደረመሰ። 98 ሰው ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ የኛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች ከከፈተባቸው ቦታዎች አንዱ ያው 18ኛው ጎዳና፣ አዳምስ ሞርጋን ነው። ጋሼ ይህን ተናግረው ትንሽ ዝም አሉና ልጆቹን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ፈቀቅ አደረጓቸው።

ይህን ስናወራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ረጅም ስኪ አድርጎ በጆርጂያ አቬኑ መሐል ለመሐል፣ በዘንጉ እየገፋ፣ ሲያልፍ ታየን። መኪና የለ፣ መብራት የለ፣ ፖሊስ የለ፤ የእንጀራ ሱቁን አልፎ ሄደ። ይኸኛው ስኪ ከተራራ የሚወርዱበት ዓይነት አይደለም፤ በሜዳ ላይ የሚሄዱበት ነው። በሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ያለው ቢች ድራይቭ መኪና ሲቀርበት ለዚህ የሚሆን መንገድ ከዚያ የተሻለ አይገኝም፤ ከጆርጅታውን የሚነሣው የአሮጌው ቦይ ዳርቻም እንዲሁ። ትኬት የለው፣ ሰልፍ የለው።

አንዱ ወጣት፣ "ይኼ ለኛ አይሆንም፤ እኛ ሯጮች ነን" አለ።

ጋሼ ተቆጡ። "ሮቤል ተክለማርያምን አታውቅም?" ወጣቱ አያውቅም። እኔ ደስ ብሎኝ አገዝኳቸው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ፣ እዚያው ስኪ የለመደ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ብቻውን ይዞ ገባ፤ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነበር። የተወዳደረው ያ ሽማግሌ እንዳደረገው ባለው የሜዳ ስኪ ነው፤ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳደረ። አዲስ አበባ ሲሆን የሚለማመደው ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ነበር፤ ሚኒባሱ፣ አህያውና እግረኛው በተጋፉበት መንገድ።

"83ኛ?" አለ ወጣቱ። "ኢትዮጵያዊ 83ኛ ወጣ ተብሎ ይወራል?"

"ከኋላው የቀሩ ነበሩ እኮ!" አሉ ጋሼ። "በረዶ ላይ ተወልደው፣ በረዶ ላይ አድገው፣ ከአዲስ አበባ ልጅ ኋላ የቀሩ። የነሱ እናት ምን ትበል?"

በዚያ በረዶ ከሁሉ ይልቅ የተደሰተው ግን የዋሽንግተኑ ብሔራዊ መካነ አራዊት ፓንዳ ቲያን ቲያን ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ ጠዋት በረዶው ውስጥ በጀርባው ሲንከባለል ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አይቶት ነበር። ያ ሁሉ ሥጋ በረዶ ላይ ሲንከባለል የተመለከተ ሰው ቆሞ ሊያይ አይችልም፤ ጋሼንም ለሸርተቴ ያነሣሣቸው እሱ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ሰኞ ከሰዓት ጋሼ ወሬ አቁመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ይዘው ነበር። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየ። ክብ ነው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ስፋቱ ለአንድ ትልቅ ሰው መቀመጫ ይበቃል፤ ፈረንጆቹ በብዙ ዶላር የገዙት ክብ መንሸራተቻ ከሱ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። እጀታው መሬት እንዳይቧጥጥባቸው በካቻቢቴ ፈትተው ኪሳቸው ከተውታል። የዚህን አገር መሐንዲስ ሁሉ ያስናቀ ሥራ ነው።

"ጋሼ፣ እትዬ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ተኝታለች።"

"ዛሬ አይጋግሩም?"

"ሊጡ ገና ነው" አሉና ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው ተቀመጡበት። ልጆቹ ከኋላ ሆነው በአማርኛ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀመሩ። ያ የሕፃን ገንዳ ያመጣው አባት ቦዩን አስለቀቀላቸው።

ሦስት ከመባሉ የፎቁ መስኮት ተከፈተ። እትዬ ሻሻቸውን እንኳ ሳያስሩ ግማሽ አካላቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ "ሊጤ ገንፍሏል! ምጣዱን ጥጄዋለሁ! ክዳኔን!" ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ከነበረው ጩኸት ሁሉ በላይ ስለሆነ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት ልጆች ሳይቀሩ መቁጠራቸውን አቆሙ። ጋሼም ሰምተዋል፤ ቀና ብለው ወደ መስኮቱ እጃቸውን ለማንሣት ሞከሩ። ነገር ግን አንዱ ልጅ ከኋላ ገፍቷቸው ስለነበር፣ የምጣድ ክዳን ደግሞ ፍሬን የለውም፣ ለሚስታቸው መልስ መስጠት የጀመሩት ዳገቱ አናት ላይ ሆኖ የጨረሱት ታች፣ ከልብስ ማጠቢያ ቅርጫቶቹ መሐል ነው።